ሀሰን እጅ ላይ የቀረው ጁዝ

ታላቅ ወንድማችን አብዱ በሞተ በሰባተኛው ቀን፣ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ድንኳናችን ውስጥ የሆነውን ልጽፍላችሁ ነው። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አንዳንዱን ነገር እንዴት እንደምለው አላውቅም። እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ፤ ታገሱኝ።

እኛ ሦስት ወንድማማቾች ነን። ነበርን። አብዱ የመጀመሪያው፣ ሀሰን መሃለኛው፣ እኔ ከድር የመጨረሻው። አባታችን የሞተው እኔ ነፍስ ሳላውቅ ስለሆነ፣ አባት ሲባል ፊቴ ላይ የሚመጣው አብዱ ነው። አብዱ ከባቲ ገበያ ከብት ገዝቶ ወደ ከሚሴ ያመጣል። ሀሰን በረት ውስጥ ያደልባል። እኔ እማራለሁ። ቤታችን ውስጥ ሥራ የተከፋፈለው እንዲህ ነበር። የኔ ድርሻ ግን በዚያን ጊዜ አልቆ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ቤት ተቀምጬ ነበር። አብዱ አንድም ቀን አልተቆጣኝም። "አብሽር ከድሬ፣ ሌላ በር ይከፈታል" ይለኝ ነበር።

አንድ ሰኞ ከባቲ ሲመለስ የተሳፈረበት የጭነት መኪና ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ከብቶቹ ከፊሉ ተረፉ። እሱ አልተረፈም። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ስለ ሀሰን ግን ቀድሜ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። ሀሰን ልጅ ሆኖ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር። በኛ ዞን ትምህርቱ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ የሚጻፈውም በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል ነው። አንደኛ ክፍልን እየወደቀ ደጋገመ። አስተማሪው ሰነፍ ነው አለ። ጎረቤት ጂን ነክቶታል አለ። እናታችን ዱዓ የሚያደርጉለት ሰዎች ጋ ይዛው ዞረች። በመጨረሻ ሁሉም ተወውና ከብት ጋ ቀረ። ከብት ላይ ጎበዝ ነበር፤ አንድ ጊዜ ያየውን ወይፈን ከዓመት በኋላ ገበያ መሃል ይለየዋል።

አድጎ፣ ጢም ካወጣ በኋላ፣ ቀበሌያችን ውስጥ የጎልማሶች ትምህርት ተከፈተ። ከሥራ በኋላ ነው የሚማሩት። አብዱ ለምኖ አስገባው። ሀሰን አንድም ቀን ሳይቀር ተማረና ከሌሎቹ ጋር ሰርተፊኬት ተቀበለ። ከዚያ መስጊዳችን ለትልልቅ ሰዎች የቁርአን ንባብ ሲጀምር እሱም ገባ። እሱንም ጨረሰ ተባለ። አብዱ ያን ቀን በግ አረደ። ባቲ ይሁን ጨፋ ሮቢት፣ የሄደበት ገበያ ሁሉ ሰላምታውን ሳይጨርስ "ወንድሜ ሀሰን ቁርአን ያነባል" ይል ነበር። ሰዎቹ ስለ ወይፈን ዋጋ ይጠይቁታል፤ እሱ ስለ ሀሰን ይመልስላቸዋል።

እንግዲህ ለአብዱ ሰደቃ ወዳወጣንበት ወደ ሰባተኛው ቀን ልመለስ።

ሰው ሲሞትብን ቁርአን እናኸትምለታለን። ቁርአኑ በሠላሳ ክፍል የተጠረዘ ነው፤ እያንዳንዱ ጁዝ ለብቻው ቀጭን መጽሐፍ ሆኖ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ማንበብ ለሚችሉት አንዳንድ ይታደላል። ሁሉም የደረሰውን አንብቦ ሲጨርስ ሙሉው ቁርአን ተነበበ ማለት ነው። ያኔ ዱዓ ይደረጋል፤ ምንዳው ለሞተው ሰው እንዲደርስ አላህ ይለመናል። አንድ ጁዝ ከጎደለ ኸትም አይባልም።

ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። የአብዱ የንግድ ጓደኞች ከባቲ መጥተዋል፤ ሳይመሽ መኪና ማግኘት ስላለባቸው ከመንገዱ በኩል ተቀምጠዋል። የሚያድሉት የመስጊዳችን ኢማም ሸህ ኑሩ ነበሩ። ሀሰንን ቁርአን ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። በተራ እያዩ፣ ከመጀመሪያው ጁዝ ጀምረው ወደ ታች ያድላሉ። ሀሰን የመጨረሻው ቦታ ላይ፣ ድንኳኑ ምሰሶ ሥር ተቀምጧል። እኔ አጠገቡ ነኝ።

ያን ጊዜ አላስተዋልኩም እንጂ ሀሰን እዚያ የተቀመጠው አስቦበት ነው። የመጨረሻው ክፍል አማ ጁዝ ነው። አጫጭሮቹ ሱራዎች ያሉበት ነው፤ ሀሰን በቃሉ ይዞታል። በተራው ቢሄድ ኖሮ ለሱ ይደርሰው ነበር።

ሸህ ኑሩ እኛ ጋ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ሸህ ሙሄ በሰው እጅ ተመርተው ገቡ። ሸህ ሙሄ ዓይነ ስውር ናቸው። ሰው ተነሳላቸውና ከሀሰን ቀጥሎ አስቀመጧቸው። ሸህ ኑሩ ሳጥኑን አይተው የቀረችውን አማ ጁዝ፣ በቃላቸው ስለሚያውቋት፣ ለሳቸው ሰጡ። ከመሃል ሳይታደል የቀረውን አንዱን ደግሞ አንስተው ለሀሰን ዘረጉለት።

"ይሄ ላንተ ይሁን" አሉት። ከዚያ ወደ ባቲ ሰዎች ዞረው፣ "የኔ ተማሪ ነው" አሉ።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ "እናውቀዋለን፤ አብዱ መቼ ሳይነግረን ቀርቶ ያውቃል" አለ። ሰዎች ፈገግ አሉ። በዚያ ሳምንት ድንኳኑ ውስጥ ሰው ፈገግ ሲል ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሀሰን ጁዙን ተቀበለ። እጁ እንደተዘረጋ ትንሽ ቆየ።

ንባቡ ተጀመረ። ብዙ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ላይ ሲያነብ ድንኳኑ ውስጥ የንብ ቀፎ ያለ ይመስላል። እኔ አንባቢ ነኝ ለማለት ያህል ነው እንጂ ቀርፋፋ ነኝ። በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ። መሃል ላይ ከጎኔ የሀሰን ድምፅ ተለይቶ ተሰማኝ። የሚለው ሕፃን ሁሉ የሚያውቀውን አጭር ሱራ ነው። ጨርሶ እንደገና ጀመረ። ደግሞ እንደገና።

ሐዘን ነው አልኩ። ሰው ሲያዝን አንድ ነገር ይደጋግማል።

ቅጠል ገለጥኩ። ሀሰንም ገለጠ። ትንሽ ቆይቼ ሌላ ገለጥኩ። እሱም ገለጠ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ሳላነብ አንድ ቅጠል ገለበጥኩ። ወዲያው ገለበጠ። ከዚያ ጣቴን አቁሜ ዝም አልኩ። የሀሰን እጅም ቆመ።

ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ዓይኑ ውስጥ ያየሁት ፍርሃት ነው። ሀሰንን ፈርቶ አይቼው አላውቅም ነበር፤ የሚዋጋ በሬ ፊት እንኳ።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ በአፋን ኦሮሞ "ማል ታቴ?" አልኩት። ምን ሆንክ ማለቴ ነው።

"አንብብ" አለኝ። "ዝም ብለህ ያንተን አንብብ።"

ሰዎች አንድ በአንድ ጨረሱ። የጨረሰው "አልሃምዱሊላህ" እያለ ጁዙን ወደ ሳጥኑ ይመልሳል። እኔም መለስኩ። ሸህ ሙሄ ከሁሉም ቀድመው ጨርሰው ተቀምጠዋል። በመጨረሻ የሁሉም ዓይን ሀሰን ላይ ሆነ። ሀሰን ጁዙን ዘጋ፣ በጋቢው ሸፍኖ ደረቱ ላይ ያዘውና ተነሳ። ለሶላት የሚታጠቡትን ውዱእ ሊያድስ መስሎን መንገድ ለቀቅንለት።

ጠበቅን። አልመጣም። ከጓሮ የሴቶቹ ድምፅ ይሰማል፤ ምግቡ ደርሷል። ከባቲ ሰዎች አንዱ ሰዓቱን አየና ለጓደኛው፣ "ይሄ ልጅ ውዱእ የሚያደርገው ከቦርከና ወንዝ ቀድቶ ነው እንዴ?" አለው። ሌላው ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። አንድ ሽማግሌ፣ ዱዓውን አድርገን ሰው ይብላ፣ ሀሰን ሲመጣ ይጨርሳል አሉ። ሸህ ኑሩ እምቢ አሉ። ሳይሞላ እንደሞላ አድርገው ለአላህ መናገር እንደማይችሉ በቀስታ አስረዱ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ከድር፣ ሂድና ወንድምህን ጥራው።"

ከድንኳኑ ስወጣ እናቴ ከሴቶቹ በኩል ጠራችኝ። ሀሰን የት እንደሄደ ጠየቀችኝ። እየመጣ ነው አልኳት። በዚያ ሳምንት ውስጥ ማርጀቷን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ውሃው ጋ ሄድኩ፤ ጀሪካኑ አልተነካም። በረቱን አየሁ፤ እዚያ እንደማይኖር አውቃለሁ፣ ቁርአን ይዞ በረት አይገባም። በአስፋልቱ ሄጄ ባጃጅ ተራ ላይ ያሉትን ልጆች ጠየቅኩ። አንዱ ወደ መቃብሩ አቅጣጫ ሲሄድ እንዳየው ነገረኝ።

መቃብሩ ቦታ ማንም የለም። የአብዱ አፈር ገና አልደረቀም ነበር። ከተቀበረ ወዲህ ሁልጊዜ ከሰው ጋር ነው የመጣሁት። ያን ቀን ብቻዬን ሆንኩ። ቁጭ አልኩ። የምፈልገው ሀሰንን ሆኖ ሳለ መነሳት አቃተኝ። ችግር ሲገጥመን ሀሰንም እኔም የምንሮጠው ወደ አብዱ ነው፤ አሁንም ሮጠን የመጣነው ወደሱ ነው፤ እሱ ግን ማንኛችንንም አይመልስም። ይሄ ነገር ያን ሰዓት ነው የገባኝ። ሞተ ማለት ምን እንደሆነ፣ በሰባተኛው ቀን።

የከሰዓት በኋላው የአሱር አዛን ሲሰማኝ ተነሳሁ። የጥሪውን ድምፅ ተከትዬ ወደ መስጊዱ ስመለስ፣ ከጀርባው ያለችው የቆርቆሮ ክፍል በሯ ገርበብ ብሏል። ጎልማሶቹ የሚማሩባት ክፍል ናት። ቀበሌውም የራሱ ክፍል ስላልነበረው የቁቤውን ትምህርት የሰጠው እዚያው ነው።

ሀሰን አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። አግዳሚው ለሕፃናት የተሠራ ስለሆነ ጉልበቱ ወደ ደረቱ ደርሷል። ጁዙ ፊቱ ተዘርግቷል። ቀና አላለም።

"አያ ሀሰን፣ ሰው እየጠበቀህ ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ።"

"አልጨረስክም?"

"አልጀመርኩም" አለኝ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከዚያ ራሱ መናገር ጀመረ። ሀሰን ወሬ አያውቅም፤ በሕይወቱ ያን ያህል ያወራኝ ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል። በጆሮዬ ነው የተማርኩት አለኝ፤ በዓይኑ አንድም ቀን አልተማረም። ሁልጊዜ ከመጨረሻው ሰው ቀጥሎ ይቀመጣል። ተራው እስኪደርስ ሌሎቹ ያንኑ ሲያነቡ ደጋግሞ ይሰማል። ሲደርሰው ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ የሰማውን ይላል። ቀበሌው ክፍል ውስጥማ ከዚህም ይቀል ነበር፤ አመቻች የሚባለው አስተማሪ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ሁሉም አብሮ ይጮሃል፣ እሱም ይጮሃል። ፈተናው ሲመጣ የጎረቤቱን ወረቀት እንደ ሥዕል አይቶ ሣለው። ማንም ለብቻው ጠርቶ ጠይቆት አያውቅም።

"ፊደሉ ምን ይሆንብሃል?" አልኩት። ይህን ጥያቄ ከኔ በፊት ሰው ጠይቆት ያውቅ ይሆን? አይመስለኝም።

አሰበ። "ባቲ ገበያ መሃል ቆመህ ታውቃለህ? ሰው ያልፋል፣ ያልፋል። አንዱን 'ይሄን አውቀዋለሁ' ስትል ሌላው ይጋርድብሃል። ዞር ስትል የመጀመሪያውም የለም። ዛሬ ለይቼ የያዝኩት ፊደል ነገ ባዳ ነው።"

"ለአብዱ ለምን አልነገርከውም?"

"በጉን ሲያርድ ልነግረው ነበር" አለኝ። "ሲስቅ አየሁት።"

ቀላል መፍትሔ ያለ መሰለኝ። "ስጠኝ፣ እኔ እዚሁ አነበዋለሁ። ከዚያ ሄደን እንመልሳለን። ማንም አያውቅም" አልኩት።

ጁዙን ወደ ራሱ ሳበው።

"አንተ ያንተን አድርሰሃል። ሁሉም ሰው ዛሬ ለአብዱ የሆነ ነገር ይዞ መጥቷል፤ ከባቲ የመጡት እንኳ። እኔ ብቻ ነኝ ባዶ እጄን የተቀመጥኩት። ካንተ ተቀብዬ የኔ ነው ብል እሱንም ዋሸሁት ማለት ነው። ሞቶም።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"እነግራቸዋለሁ።"

ለመንኩት። አዎ፣ እንዳይናገር ለመንኩት። እንግዳ ፊት፣ እማ እየሰማች፣ በሰደቃው ቀን? አብዱ በየገበያው የተናገረው ሁሉ ውሸት ነበር ሊባል ነው አልኩት። እሱ ላይ የሚደርሰውን ሳይሆን የአብዱን ስም ነበር የፈራሁት።

"አብዱ አልዋሸም። የነገርኩትን ነው የተናገረው" አለና ተነሳ።

ድንኳኑ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። እግሩ ወደ ኋላ የሚል መሰለኝ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ገባ። ሰዎቹ አሱርን ሰግደው ተመልሰው ተቀምጠዋል። ሀሰን መሃል ላይ፣ ሸህ ኑሩ ፊት ቆመ። አፉን ሲከፍት መጀመሪያ የወጣው የእናታችን ቋንቋ ነው።

"ህን ደንደኡ" አለ። አልችልም።

ሸህ ኑሩ ምኑን ማለቱ እንደሆነ አልገባቸውም። ያኔ በአማርኛ ደገመው፤ ከባቲ የመጡትም እንዲሰሙ ይመስለኛል። "ሸህዬ፣ ዐፉ በሉኝ። ማንበብ አልችልም። ይሄ ጁዝ አልተነበበም።"

አንድ ሰው ከኋላ፣ "በቁርአን ይቀለዳል እንዴ?" አለ። ከሴቶቹ በኩል የነበረው የሳህን ድምፅ ቆመ።

የሸህ ኑሩን ፊት አየሁት። የተቆጡ አይመስሉም። የተሰበሩ ነው የሚመስሉት። "እኔ ነኝኮ ያስተማርኩህ" አሉት። "ስታነብ ሰምቼሃለሁ።"

"ከሰዎቹ የሰማሁትን ነው የምደግመው፣ ሸህዬ።"

"ታዲያ አልገባኝም ብትለኝ ምን ነበረበት?"

"አብዱ ደስ ብሎት ነበር" አለ ሀሰን።

ቀጥሎ የሆነውን እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል። ከፊት ረድፍ ሀጂ ይማም ተነሱ። ሀጂ ይማም የእህል ነጋዴ ናቸው፤ በከተማው የሚከበሩ፣ ሰው የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። ወደ ሳጥኑ ሄደው የተመለሱትን ጁዞች አገላበጡ። ቀለሙን ይሁን ልዩ ምልክቱን አይተው እንጃ፣ ቅድም የመለሱትን አወጡ። ይዘውት መጡና ሀሰን እጅ ላይ ካለው በላይ አስቀመጡት።

"ይሄንንም ጨምሩበት" አሉ።

ለካ እሳቸውም ሳያነቡ ነበር የመለሱት። ሀሰን አጠገብ ቁጭ አሉ። ሀሰንም ተቀመጠ።

ከዚያ ተራው የሸህ ሙሄ ሆነ። በትራቸውን አስተካክለው፣ ሀሰን ወደተቀመጠበት ሳይሆን ወደ ሰዉ ፊታቸውን አድርገው ተናገሩ።

"እኔኮ እድለኛ ነኝ። እውርነቴ ፊቴ ላይ ነው። ጁዝ ይዤ ባላነበው ማን ይወቅሰኛል? እንዲያውም 'በቃላቸው ያውቁታል' ተብዬ እመሰገናለሁ። የዚህን ልጅ ግን ማን አየለት?" ቀጥለውም፣ "በሉ፣ አንድ ሰው ያንብብልን፣ እኛ እንቀበል። እኔ ቁርአንን የያዝኩት እንዲያ ነው። ለኔ የሆነው ለሱ ምን ይከለክለዋል?" አሉ።

ሸህ ኑሩ ጁዞቹን ከሀሰን እጅ ተቀብለው ለኔ ሰጡኝ። ለምን እኔን እንደመረጡ አላውቅም። ምናልባት ወንድሙ ስለሆንኩ ነው።

አነበብኩ። አንድ አንቀጽ እላለሁ፤ ሀሰን፣ ሀጂ ይማምና ሸህ ሙሄ ይቀበሉኛል። ስሳሳት ሸህ ሙሄ ያርሙኛል፤ ብዙ ጊዜ አረሙኝ። ሀሰን ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚቀበለው። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ግን እንደ ቅድሙ የሚጣደፍ አልነበረም። ሙሉ ነበር።

ከባቲ ሰዎች አንዳንዱ ተሰናብቶ ሄደ። ቅድም በውዱእ የቀለደው ሰውዬ ግን አልተነሳም። ጓደኛው መኪናው እንደሚያመልጣቸው ሲነግረው ጫማውን ከሥሩ ገፋ አደረገና፣ "ባቲ ነገም አለች" አለው። ጥቂት ቆይቶ የሱም ድምፅ ከነሀሰን ጋር ሲቀበለኝ ሰማሁት።

ፀሐይ ልትገባ፣ ለመግሪብ ጥቂት ሲቀር ጨረስን። ሸህ ኑሩ እጃቸውን አንስተው ዱዓ አደረጉ። የአብዱን ስም ሲጠሩ ሀሰን አለቀሰ። ከተቀበረበት ቀን ጀምሮ እንባው አልወጣም ነበር። ሰው ሁሉ ጠንካራ ነው ሲለው ሰንብቷል።

እንግዶቹ ሲሄዱ፣ ድንኳኑ ሲፈርስ፣ ሁለታችን ብቻ ምንጣፍ እየጠቀለልን ሳለ፣ "ለኔ አብዱ ገና ዛሬ ነው የሞተው" አለኝ።

ይኸው ነው የሆነው። ከዚያ በኋላ ስለራሴ የተለወጠውን ደግሞ ልንገራችሁ።

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ መማር ማለት ማለፍና መውደቅ ነበር የሚመስለኝ። እኔ ወድቄያለሁ፤ ሀሰን አልፏል። ሰርተፊኬቱን አብዱ መስታወት አስገብቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ነበር፤ ስገባ ስወጣ አየው ነበር። አሁን የማስበው ሌላ ነው። ወንድሜ እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ከቦት ተቀምጦ ብቻውን ነበር። ሁሉም አብሮ ሲጮህ የሱ አለማወቅ አልተሰማም።

ቀበሌው የጎልማሶችን ትምህርት ዳግም ሲከፍት አመቻች ሆኜ ልሥራ ብዬ ጠየቅሁ፤ አሥራ ሁለተኛ የጨረሰ ስለሚፈለግ ተቀበሉኝ። የተሰጠኝ ሥልጠና አጭር ነበር። ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ፣ ተገኝተው የተማሩት እንዴት ሪፖርት እንደሚደረጉ ተነገረን። ፊደል ስለማይያዝለት ሰው ግን አንድም ቃል አልተነሳም። እጄን አውጥቼ ጠየቅሁ። አሠልጣኙ መልካም ሰው ነበር፤ ደጋግሞ በማንበብ ይስተካከላል አለኝ። ሀሰን ስንት ዓመት እንደደጋገመ ልነግረው ፈልጌ ነበር። አልነገርኩትም። በሰው ፊት መናገር ይከብደኛል።

ስለዚህ የማደርገውን በራሴ እየሞከርኩ ነው። ትክክል መሆኑን የሚነግረኝ ሰው የለም። በአንድ ላይ ማስጮህ ትቻለሁ። እያንዳንዱን ለብቻው አስቀምጬ "ምን ይታይሃል፣ ምን ይታይሻል?" እላለሁ፤ አንብቡ አልላቸውም። በሳምንት አንድ ፊደል ብቻ የምንሠራበት ሰው አለ። ከካርቶን ቆርጬ በጣቱ እየዳሰሰ እንዲይዘው የማደርገው አለ። ለአንዳንዷ ትምህርቱን በስልኬ ቀድቼ እሰጣታለሁ፤ ቤቷ ሆና ትሰማለች። ጥያቄዬ ሲገባት አንዲት እናት፣ "እንዲህ የምሆነው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር" አለችኝ። ይህን ቃል ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ። በኦሮምኛም በአማርኛም።

ይህን የምታነቡ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰዎች ካላችሁ፣ ልለምናችሁ። የጨረሱትን ስትቆጥሩ አንድ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ አንዱን ለብቻው ጠይቁት። እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት እንደምናስተምር የሚያውቅ ካለ ወደኛም ላኩልን። ያልደረሰበትን ደርሰሃል ብሎ ወረቀት መስጠት ደግነት አይደለም። በኛ ቤት ምን እንዳደረገ አይቻለሁ።

ቤታችሁ ውስጥ ሀሰንን የመሰለ ሰው ያላችሁ ደግሞ፣ ሲያሞግሱት ፊቱን እዩት።

ሀሰን አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ክፍሌ ይመጣል። የያዛቸው ፊደሎች ጥቂት ናቸው፤ አንዳንድ ቀን እነሱም ይሄዱበታል። ማንበብ ይችላል ብዬ አልዋሻችሁም። ምናልባትም አይችል ይሆናል። ባቲ ግን አሁን የሚወርደው እሱ ነው፤ በአብዱ ቦታ። ባለፈው አብሬው ሄጄ ነበር። አንድ ነጋዴ የተጻፈ ነገር ዘረጋለት። ሀሰን ወረቀቱን ለኔ እያቀበለ፣ ድምፁን ሳይቀንስ፣ ወይፈን እየተመለከተ፣ "እኔ ማንበብ አልችልም፣ ወንድሜ ያንብብልህ" አለው። ሰውዬውም ምንም ሳይመስለው ወረቀቱን እንዳነበው ጠበቀኝ።

እንዲህ ቀላል ነበር። አብዱ ቢነገረው ኖሮም ምንም አይመስለውም ነበር፤ በጉንም ያርደው ነበር። ይህን ለሀሰን ልነግረው ብዬ ተውኩት። እሱም ያውቀዋል። አውቆት፣ ሳይነግረው መቅረቱ ቆጭቶት ነው ከባቲ እስከ ከሚሴ ድረስ፣ መኪናው ውስጥ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ የመጣው።